ስዊቹ ይርከስ፣ ፊውዙ አይቅር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ

ሐምሌ ሲገባ የሚደርሰኝ ደብዳቤ አብዛኛው ስለ መብራት ነው። የጎጃም ክረምት መንገዱ ጭቃ፣ ሰማዩ ጉም ነው። የዛሬውን ዓምድ ሰፊውን ክፍል ለአንድ ደብዳቤ ሰጥቼዋለሁ። ጠያቂው አንድ ሰው ቢሆንም ያንኑ ችግር በዚህ ወር ብቻ ሦስት መኪና ላይ አይቼዋለሁ። ሁለት አጠር ያሉ ጥያቄዎች ደግሞ ከኋላ አሉ።

ጥያቄ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቢቡኝ፣ ድጓ ጽዮን ነው። አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ አለኝ። ከጮቄ ሥር ድንችና ገብስ እየጫንኩ ወደ ሞጣና ወደ ደብረ ማርቆስ አወርዳለሁ። በክረምት ጉሙ ሲወርድ ከኮፋኖዬ ፊት ያለው አይታየኝም። ሁለት ፎግላይት ገዝቼ ፓራውልቲው ላይ አሰርኩ። የኦሪጅናሉን ስዊች ዋጋ ስጠይቅ ከመብራቶቹ በለጠብኝ። ስለዚህ የቤት ግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ ዳሽቦርዱ ላይ በብሎን አስሬ ቀጥታ ከባትሪ አገናኘሁት። ላዩ ላይ 10 አምፔር ይላል። አንድ ሳምንት በደንብ ሠራ። ከዚያ መጋል ጀመረ። አሁን ይሸታል፤ ስነካው ያቃጥለኛል። አንዳንዴ ባጠፋውም መብራቱ አይጠፋም። ኦሪጅናሉን ሳልገዛ በእጄ ሠርቼ የምተማመንበት ነገር ይኖር ይሆን?»

መልስ

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ሂድና ያንን ሽቦ ከባትሪው ንቀለው። ቀሪውን ተመልሰህ ታነበዋለህ። መኪናው ቆሞ፣ ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ሆኖም ሽቦው ላይ ኃይል አለ።

ነቀልከው? አሁን ወደ ጥያቄህ እንግባ። አዎ፣ በእጅህ መሥራት ትችላለህ። በደንብ ከሠራኸው ከኦሪጅናሉ አያንስም። ግን መጀመሪያ የግድግዳው ስዊች ለምን እንደጋለ ይግባህ። እሱ ሳይገባህ ሌላ ስዊች ብታመጣ የሚደርስብህ ያው ነው።

የእነዚህ ፎግላይቶች አምፖል ብዙውን ጊዜ 55 ዋት ነው። ሁለቱ 110 ዋት ይሆናሉ። 110ን ለ12 ቮልት ስታካፍል ከ9 አምፔር ትንሽ ይበልጣል። ስዊቹ ላይ 10 ተጽፏል። ስለዚህ «ይበቃዋል» ብለህ አሰርከው። ሒሳብህ ልክ ነው። ሒሳቡ ውስጥ ያልገቡ ሦስት ነገሮች ግን አሉ።

አንደኛው፣ አምፖሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ስታበራው ውስጡ ያለችው ክር በመጀመሪያዋ ቅጽበት የምትስበው ከረንት ከነደደች በኋላ ከምትስበው ወደ 10 እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ዓይንህን ጨፍነህ ሳትገልጥ ያልፋል። የስዊቹን ጥርስ፣ ማለትም ውስጡ ተነካክተው ኃይል የሚያሳልፉትን ብረቶች፣ ለመጥበስ ግን ይበቃል። በቀን ሃያ ጊዜ ስታበራና ስታጠፋ ሃያ ጊዜ ጠበስከው ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ያ ስዊች የተሠራው ለቤት ኤሌክትሪክ ነው። የቤቱ ኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ይመለሳል። በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ ስዊቹን ስታጠፋ የሚነሳው ብልጭታ ራሱ ይሞታል። የባትሪ ኃይል ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚፈሰው፤ ዜሮ ላይ አያርፍም። ብልጭታው ይቆያል፣ ጥርሱንም ይበላዋል።

ሦስተኛው መንገድህ ነው። የግድግዳ ስዊች የማይነቃነቅ ግድግዳ ላይ እንዲቀመጥ የተሠራ ነው። ሽቦውን የምትይዘው አንዲት ትንሽ ብሎን ናት። ከድጓ ጽዮን እስከ ሞጣ ያለውን ኮረኮንች አንተ ታውቀዋለህ። ያች ብሎን በሳምንቷ ላላች። የላላ ማያያዣ ደግሞ ይግላል።

«ባጠፋውም አይጠፋም» ያልከው ጥርሶቹ ቀልጠው ስለተጣበቁ ነው። ያንን ስዊች ለቤትም ቢሆን እንዳትጠቀምበት። ጣለው።

ሽቦውን ከባትሪው ንቀለው ብዬ አጥብቄ የነገርኩህ ስለደረሰብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት ለአንድ ደንበኛ ላንድሮቨር ሁለት ፓውዛ አሰርኩ። ሽቦውን ቀጥታ ከባትሪ ወሰድኩ። ከረንት ሲበዛ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጠውን ፊውዝ አላደረግኩም። በሞተሩና በጋቢናው መካከል ባለው ላሜራ ላይ ቀዳዳ በስቼ ሽቦውን እንዲሁ ራቁቱን አሳለፍኩት። ያኔ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ገና አልተሠራም። ዕቃ ልንገዛ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ደጀንን አልፈን ወደ በረሃው መውረድ ጀመርን። ቀን ነው፤ ፓውዛው አልበራም። ግማሽ መንገድ ስንደርስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ወዲያው ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ወጣ። ከኋላ የተሳፈሩ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ፤ እነሱን አስወርደን ጎማው ሥር ድንጋይ አደረግን። ኮፋኖውን ስከፍት የባትሪውን ማሰሪያ የሚፈታው 10 ቁጥር ቁልፍ ከጭነቱ ሥር ነው። በእጄ ፒንሳ ነበረች። ሽቦውን በእሷ ቆረጥኩት። ሽቦው ግሎ ስለነበር መዳፌ ላይ ተጣበቀ። ጠባሳው አሁንም አለ።

በኋላ ስናየው የላሜራው ጠርዝ የሽቦውን ሽፋን እየበላ፣ እየበላ መዳቡ ላይ ደርሷል። መዳቡ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የተገናኘውን ቦዲ ሲነካ ባትሪው ያለውን ኃይል ሁሉ በዚያች ሽቦ ለቀቀ። የሚያስቆመው ነገር አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ማንም ላይ አላላክከውም። ከዚያ ቀን በኋላ ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ሳላደርግ ያሳለፍኩት ሽቦ የለም።

እንግዲህ ሥራው ይኼ ነው። ስዊችህ የመብራቱን ከረንት መሸከም የለበትም። ማዘዝ ብቻ ነው ያለበት። መራዊ አጠገብ ቆጋ መስኖ ላይ የቦዩን በር የሚከፍተውን ገበሬ አይተህ ታውቃለህ? በሩን በእጁ ያነሳል እንጂ ውኃውን በትከሻው አይሸከምም። ውኃውን የሚሸከመው ቦዩ ነው። ለመኪናህ መብራት በሩ ሪሌ ይባላል። ትንሽ ጥቁር ሳጥን ናት። ውስጧ ጥቅል ሽቦ አለ። ጥቅሉ ኃይል ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና ወፍራሙን ጥርስ ስቦ ያገናኛል። ጥቅሉ ራሱ የሚፈልገው ከረንት 0.15 አምፔር አካባቢ ብቻ ነው። ከ9 ወደ 0.15! ለዚህ ነው ስዊቹ ርካሽ ሊሆን የሚችለው። ከወደቀ ዕቃ ላይ የወጣ ስዊችም ያለ ጭንቀት ይችለዋል።

ስለዚህ ገንዘብህን እንዲህ ክፈል። ሪሌውን አዲስ ግዛ፤ 12 ቮልት፣ ባለ 4 እግር፣ 30 ወይም 40 አምፔር የሚል። ፊውዙንና የፊውዝ ቤቱን አዲስ ግዛ። ፊውዙ 15 አምፔር፣ ማለትም ሰማያዊው ይሁን። ወፍራሙን ሽቦም አዲስ ግዛ፤ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር። ለስዊቹ የምትሄደው ቀጭን ሽቦ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ብትሆን ከበቂ በላይ ናት። እነዚህ ላይ አትቆጥብ። ስዊቹ ላይ ግን የፈለግከውን ያህል ቆጥብ።

እኔ በጣም የምወደው ከተበላሸ ሞንታርቦ ላይ የሚወጣውን ባለ ዘንግ ስዊች ነው። አንገቱ ጥርስ አለው፣ በራሱ ዳዶ ይታሰራል፣ ብዙውን ጊዜ በ12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይገባል። ጓንት አድርገህም ቢሆን በጣትህ ታገኘዋለህ። ከተበላሸ ስታቢላይዘር ወይም ከጁስ መፍጫ የሚወጣው ተጫኝ ስዊችም ይሆናል። ግን ውስጡ ቀይ መብራት ካለው እንዳትጠብቀው፤ ለ220 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በ12 ቮልት አይበራም። ስዊቹ ራሱ ግን ይሠራል።

ከማሰርህ በፊት ኦምና ቮልት የሚለካው ቴስተር ላይ አድርገው። ሲበራ ወደ ዜሮ ኦም የሚጠጋ ቁጥር ማሳየት አለበት። ከዚያ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርገህ እየመታህ ቁጥሩን እየው። ከዘለለ ውስጡ ላልቷል፤ ተወው። ይህችን ሙከራ ብዙ ሰው አያደርጋትም። ጠረጴዛ ላይ ጤነኛ የሚመስለው ስዊች ጮቄ ላይ የሚያስቸግርህ ለዚህ ነው።

የት ታስረዋለህ? መጀመሪያ ዳሽቦርድህን በደንብ እየው። አሮጌ ላንድክሩዘሮች ላይ ብዙ ጊዜ ምንም ያልተሠራባቸው ባዶ ክዳኖች አሉ። አንዱን አውጥተህ መሐሉን ብትበሳው ቆንጆ ቦታ ነው። ከሌለህ ዳሽቦርዱን ራሱን አትብሳ። እኔ ባለፈው ዓመት ለአንድ ሰው ከዋንዛ ሠራሁለት። ከአናጢ ቤት የወደቀች ቁራጭ ናት። መዳፍ የምታክል አድርጌ ቆረጥኳት፤ ውፍረቷን 5 ሚሊ ሜትር አደረስኩ፤ ከዚያ በላይ ከወፈረ የስዊቹ አንገት ወጥቶ ዳዶውን አይዝም። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ኑግ ዘይት ሦስት ጊዜ ቀባኋትና ሁለት ቀን አደረቅኳት። ከዳሽቦርዱ ሥር በሁለት ብሎን ታሰረች። ዋንዛ ሲበሳ አይሰነጠቅም፣ ደረቅ ከሆነም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። እስከ ዛሬ ሳያት ደስ ይለኛል። ጉልበትህ የማይደርስበት ቦታ ምረጥላት። ኮረኮንች ላይ ጉልበት ስዊች ያበራል፣ ያጠፋል።

ለአቧራው ደግሞ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የሳንቲም ያህል ክብ ቁረጥ። መሐሉን በትንሹ ብሳና የስዊቹን ዘንግ አሳልፍበት። ከዳዶው በፊት አስገብተህ አጥብቀው። በጥርና በየካቲት አቧራው ዱቄት ሲሆን ይህች ላስቲክ ዋጋዋን ትመልሳለች።

አሁን ወደ ሽቦው። ሪሌው ሥር አራት ቁጥሮች ታያለህ፤ 30፣ 87፣ 85፣ 86። 30ና 87 የወፍራሙ ጥርስ ናቸው፣ 85ና 86 የጥቅሉ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስ፣ በአንድ ስንዝር ውስጥ ፊውዙን አድርግ፣ ከዚያ ወደ 30 ውሰደው። ከ87 ወጥተህ ወደ ሁለቱ መብራቶች ሂድ። የመብራቶቹ ሌላኛው ሽቦ ቦዲ ላይ ይታሰራል። ቀለሙን ፍቀህ የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ እሰረው፣ ከላይ ግሪስ ቀባው። ወፍራሙ ሥራ አለቀ። ልብ በል፤ ይህ ሁሉ ከኮፋኖው ሥር ነው። ወደ ጋቢናው የገባ ወፍራም ሽቦ የለም።

ቀጭኑን ሥራ እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። 86ን የምትመግበው ከፊት ካለው የፓርኪንግ መብራት ሽቦ ነው። እዚያው ሪሌው አጠገብ ነው፤ ሩቅ አትሄድም። የፓርኪንግና የፍሬቻ ሽቦ አብረው ካሉ ፓርኪንግ ስታበራ ሳይቋረጥ የሚበራውን ምረጥ። ከ85 ደግሞ አንዲት ቀጭን ሽቦ በላሜራው በኩል ወደ ጋቢና አስገባና ስዊቹ ላይ እሰር። ከስዊቹ ሌላኛው እግር ወደ ቦዲ። በቃ።

ይህ ማለት ስዊችህ የሚቆርጠውና የሚቀጥለው ኔጌቲቩን ነው። «ተገላቢጦሽ ነው» ትለኝ ይሆናል። አይደለም። ፋብሪካው ክላክስህን ያሠራው በዚሁ መንገድ ነው። መሪው ላይ ያለውን የክላክስ ቁልፍ ስትጫን የሪሌውን ጥቅል ከቦዲ ጋር ታገናኛለህ። ጥቅሙ ትልቅ ነው። ያች ወደ ጋቢና የገባች ሽቦ አንድ ቀን ላሜራ ብትበላትና ቦዲ ብትነካ የሚሆነው መብራቱ ሳታዘው መብራቱ ብቻ ነው። ጭስ የለም፣ እሳት የለም። ዓባይ በረሃ ላይ ያን ጊዜ ይህን ባውቅ ኖሮ መዳፌ ጤነኛ ነበር። ቢሆንም ቀዳዳው ላይ የጎማ ቀለበት አድርግ።

ሌላም ጥቅም አለው። ፎግላይቱ የሚበራው ፓርኪንግ ሲበራ ብቻ ይሆናል። የመኪናህን መብራት አጥፍተህ ከወረድክ ፎጉ አብሮ ይጠፋል። ረስተህ ባትሪ አትጨርስም።

አንድ ወጥመድ ልንገርህ። 86ን ከትልቁ የፊት መብራት ሽቦ ለመውሰድ እንዳትሞክር። ብዙ አሮጌ ላንድክሩዘሮች ላይ የትልቁ መብራት ፖዘቲቭ ሁልጊዜ ይደርሳል፤ መብራቱን ስታበራና ስታጠፋ የሚቋረጠው ኔጌቲቩ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ቀኑን ሙሉ በቴስተር ሲፈልግ ይውልና «መኪናው ተበላሽቷል» ይላል። ፓርኪንግ ላይ ይህ ጣጣ የለም።

መብራቱ መብራቱን የምታሳይህ ትንሽ ምልክት ከፈለግህ፣ ከተበላሸ ሬዲዮ ላይ አንዲት ኤልኢዲ አውጣ። ረጅሙን እግሯን በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ከፓርኪንጉ ፊውዝ ከሚወጣው ኃይል ጋር አገናኝ። የሬዚስተሩ ቀለም ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቀይ ነው። አጭሩን እግር ከ85 የመጣው ሽቦ ስዊቹን የሚነካበት ቦታ ላይ አድርግ። ስዊቹን ስታበራ ትበራለች፤ ስታጠፋ ትጠፋለች። ያለ ሬዚስተር ካሰርካት ወዲያው ትሞታለች።

ሽቦዎቹን ጠምዝዘህ ፕላስተር ብቻ እንዳትጠቀልል። ፕላስተር በሞተር ሙቀት ማጣበቂያው ይቀልጥና ይፈታል። መጋጠሚያ ጫፎቹን በፒንሳ አጥብቀህ ጨፍልቅ፣ ከዚያ ጎትተህ ሞክር። በእጅህ ጎትተህ ከወጣ መንገዱ ያወጣዋል። በእርሳስ ብቻ መበየድም ለኮረኮንች አይመከርም፤ ሽቦው እርሳሱ ያለቀበት ቦታ ላይ ይደርቅና በንቅናቄ ብዛት ይቆረጣል። ሪሌውን ደግሞ እግሮቹን ወደ ታች አድርገህ የኮፋኖው ሥር ግድግዳ ላይ እሰረው። እግሮቹ ወደ ላይ ከሆኑ የክረምት ውኃ ውስጡ ይጠራቀማል።

ስትጨርስ ሞተሩን አስነሳ፣ መብራቱን አብራ። ቮልቱን መጀመሪያ ባትሪው ላይ ለካ፤ ቀጥሎ መብራቱ ጫፍ ላይ ለካ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ባይበልጥ ጥሩ ነው። አንድ ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ መጋጠሚያ ላይ ችግር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቦዲ ላይ የታሰረው ነው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት አብርተህ ተወው። አጥፋና እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጣትህ ንካ። ለብ ቢል ችግር የለም። ካቃጠለህ ፈተህ እንደገና ሥራው።

መብራቶቹን ዝቅ አድርገህ ማሰርህ ጥሩ ነው። ጨረሩም ዝቅ ይበል። ጉም ማለት የውኃ ጠብታ ነው፤ ረጅም መብራት ስታበራበት ጠብታው ብርሃኑን መልሶ ዓይንህ ላይ ይተፋዋል። ከታች የሚሄድ ብርሃን ግን አስፋልቱን፣ ወይም አንተ ዘንድ ጭቃውን፣ ያሳይሃል። ጮቄ ላይ ጉም ውስጥ ስትገባ ረጅሙን አጥፋው።

ጥያቄ

«እኔ ከሉማሜ ነኝ፤ የጭነት አይሱዙ እነዳለሁ። ከኋላ ለማራገፊያ ሁለት መብራት ማሰር እፈልጋለሁ። መኪናዬ ሁለት ባትሪ ነው ያለው። አንድ ባለሙያ "ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት እንውሰድና በላንድክሩዘር ዕቃ እንሥራው" አለኝ። ልስማማ?»

መልስ

አይስማሙ፣ ጋሼ። ሁለቱ ባትሪዎች ተቀጣጥለው 24 ቮልት ነው የሚሰጡት። ከአንዱ ብቻ ሲሳብ ያ ባትሪ እየደከመ ይሄዳል፤ ቻርጅ የሚያደርገው ዲናሞ ግን ሁለቱን እንደ አንድ ነው የሚያየው። ደካማው ሳይሞላ ይቀራል፣ ጤነኛው ከልክ በላይ ይሞላል። በመጨረሻ ሁለቱንም ይገዛሉ።

ሁሉንም በ24 ቮልት ይሥሩት። ሪሌውም አምፖሉም 24 የሚል ይሁን። የ12 ቮልት ሪሌ 24 ላይ ከገባ ጥቅሉ ይቃጠላል። የ24 ቮልቱ ተመሳሳይ አምፖል 70 ዋት ነው። ሁለቱ 140 ዋት፤ ለ24 ሲካፈል 6 አምፔር አይሞላም። ስለዚህ 10 አምፔር ፊውዝ፣ ማለትም ቀዩ፣ ይበቃዎታል። ሽቦው ወደ ኋላ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ከ2.5 አይቀንሱ። ስዊቹ ከላይ ለቢቡኙ ወንድማችን የነገርኩት ዓይነት ቢሆን ምንም አይልም። ምልክት ኤልኢዲ ካደረጉ ሬዚስተሩ 2.2 ኪሎ ኦም ይሁን። ለማራገፊያ መብራት 86ን ከፓርኪንግ መውሰድ ግድ አይደለም፤ ቁልፍ ሲዞር ኃይል ከሚያገኝ ፊውዝ ይውሰዱት።

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ከፍኖተ ሰላም ነው የምጽፍልዎት። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ትንሽ ሱዙኪ አለችኝ። ሌሊት የምታምጥ ላም ሲያጋጥመኝ እንዲያበራልኝ ከኋላ በኩል መብራት አሠራሁ። ስዊቹ ከሌላ ዕቃ የወጣ ነው፤ ጥሩ ይሠራል። ግን አርብ ማታ አቁሜያት ሰኞ ጠዋት ስነሳ ሞተሩ አይነሳም። ባትሪው አልቋል። መብራቱን አጥፍቼ ነው የማድረው። ሪሌው ላይ አምስት እግር አለ፤ ይህ ምክንያት ይሆን?»

መልስ

እህቴ፣ አምስተኛዋን እግር መቁጠርሽ ግማሹን መልስ ሰጥቶኛል። ሰኞ ጠዋት መኪናዋን ከማስነሳትሽ በፊት ሪሌውን በእጅሽ ንኪው። ሦስት ሌሊት የቆመች መኪና ላይ ያለ ሪሌ እንደ ብረቱ መቀዝቀዝ አለበት። ለብ ካለ ጥቅሉ ሦስቱንም ሌሊት ሲሠራ ነበር ማለት ነው።

እንዴት ሆነ? አምስት እግር ያለው ሪሌ ላይ 87ኤ የምትባል እግር አለች። እሷ የምትገናኘው ሪሌው ሲያርፍ ነው። የሠራልሽ ሰው የመብራቱን ሽቦ 87 ላይ ማድረግ ሲገባው 87ኤ ላይ ካደረገው ነገሩ ይገለበጣል። መብራቱ ሲበራ ሪሌው ያርፋል፤ መብራቱ ሲጠፋ ሪሌው ይሠራል። ስዊቹን ገልብጦ ካሰረው ደግሞ አንቺ ምንም አታውቂም፤ ወደ ታች ስትጫኚ ይጠፋል፣ ወደ ላይ ይበራል፤ ሁሉም ልክ ይመስላል። ጥቅሉ 0.15 አምፔር ቢስብ በ24 ሰዓት 3.6 አምፔር ሰዓት ነው። ከአርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ወደ 9 ይጠጋል። አዲስ ትልቅ ባትሪ ይችለዋል። የትንሽ መኪና ያረጀ ባትሪ ግን አይችለውም።

ሪሌው ቀዝቃዛ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጊ። ቁልፉን አውጪ፣ በሮቹን ዝጊ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቺና በማሰሪያውና በባትሪው መካከል ባለ 5 ዋት አምፖል አገናኚ። ጎልቶ ከበራ የሚስብ ነገር አለ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀዪ። የትኛው ሲነቀል አምፖሉ እንደሚጠፋ እዪ፤ ጥፋቱ በዚያ መስመር ላይ ነው።

ለብ ያለው ሪሌው ከሆነ ግን ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ባትሪውን ፍቺ። ሽቦውን ከ87ኤ ነቅለሽ 87 ላይ አድርጊው፣ ስዊቹንም አገላብጠሽ እሰሪ። 87ኤ ባዶዋን ትቅር፤ ምንም እንዳይነካት በፕላስተር ሸፍኛት። ባትሪውን ደግሞ አንድ ሌሊት ሙሉ ቻርጅ አስደርጊው። ከዚያ አርብ አቁመሽ ሰኞ ሞክሪና የሆነውን ጻፊልኝ።